የእንኳየሁ ቅልጥም

ደብሪቱ ገመድ ሻጭ ነበረች። ገመድ ሻጭ ስላችሁ እንዲያው በዋዛ አትለፏት። ቃጫውን ራሷ ፍቃ፣ ራሷ አድርቃ፣ ጭኗ ላይ ራሷ ገምዳ ነበር ጎንደር ቅዳሜ ገበያ ይዛ የምትወጣው። አንድ ገዥ ጫፉን ይዞ ሳብ ሳብ አድርጎ፣ ይቺ ደግሞ አትበጠስም ወይ ካለ አለቀለት፤ ገመዱን ከእጁ መንጭቃ ሂድ ከሌላ ግዛ ትለዋለች። እኔ ሸጋዬ ከጎኗ ተቀምጬ በርበሬ ስለምሸጥ የእሷ ጠብ የእኔንም ገዥ ያባርርብኝ ነበር። ምነው አንቺ፣ ገበያ የወጣሽው ልትሸጭ ነው ልትጣይ እላታለሁ። ሁለቱንም ትለኛለች።

እንዲህ ሆና የተፈጠረች እንዳይመስላችሁ። ሰው ነው እንዲህ ያደረጋት።

ሁለታችንም የአንድ አገር ልጆች ነን፤ ከትክል ድንጋይ ወዲያ፣ ደጋው አልቆ ቁልቁለቱ ወደ አርማጭሆ ቆላ ከሚጀምርበት አፋፍ ላይ። እናቷ እንኳየሁን ወልዳ በአራስነቷ ስትሞት ሕፃኑን ያሳደገችው ደብሪቱ ናት፤ ያኔ እሷም ገና ልጅ ነበረች። አዝላው እንጨት ትለቅማለች፣ አዝላው ውሃ ትቀዳለች። ስለዚህ ወንድሜ ስትል ልጄ ማለቷ ነው።

እንኳየሁ ጎረምሳ ሳለ ያልተገራች በቅሎ ጥላው ቀኝ እግሩ ቅልጥሙ ላይ ተሰበረ። የጠገነው አያ አለኸኝ ነው። አያ አለኸኝ በዚያ ዙሪያ ስሙ የተጠራ ወጌሻ ነበር፤ ከጭልጋ ድረስ በቃሬዛ ሰው ያመጡለታል። የእንኳየሁ ቅልጥም ግን ጠሞ ገጠመ፤ ልጁ ሲራመድ ወደ ቀኝ ዘንበል ይል ነበር። አያ አለኸኝ ይህን ቢሞት አይቀበልም። እጄ የነካው አጥንት ጠሞ አያውቅም፣ ልጁ ሲንጠባረር ነው እንዲያ የሚራመደው ይላል። ነገ የማን እግር እንደሚሰበር አይታወቅምና ሰዉም፣ እውነት ነው፣ ይንጠባረራል ብሎ ተቀበለው። እንኳየሁ ራሱ እየሳቀ፣ እሺ፣ እየተንጠባረርሁ ነው ይል ነበር። ሸጋ ልጅ ነበር።

ጣሊያን አገሩን ሲይዝ እንኳየሁ ለአርበኞች ጥይት ማመላለስ ጀመረ። አንድ ቀን ጥይቱን በአቁማዳ ተሸክሞ እንደ ወጣ ቀረ። ቢጠብቁት የለም፣ ቢጠይቁ ያየው የለም። ደሴ የሚባል የመንደራችን ሰው፣ ኋላ ጭቃ ሹም የሆነው፣ እንኳየሁ ጥይቱን ለጣሊያን አስረክቦ ባንዳ ገባ፣ በዓይኔ በብረቱ አይቼዋለሁ አለ። ጣሊያን ሲወጣ ደግሞ፣ አሥመራ ነው ያለው፣ ጫማ አድርጎ በማኪና ይሄዳል አለ። ይህን ብሎ ሲያበቃ የእንኳየሁን መሬት፣ የባንዳ መሬት ነው ብሎ ማረስ ጀመረ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ።

ደብሪቱ ወንድሜ ሞቷል አለች። ባንዳ ቢሆን ኖሮ እኔው በዱላ ብዬ እገድለው ነበር፣ እሱም ያውቃል አለች። ባገራችን ደንብ የሟች ሬሳ ካልተገኘ ልብሱና መሣሪያው ሜዳ ላይ ይዘረጋል፣ በዚያ ላይ ይለቀሳል። የእንኳየሁን ጋቢና ጎራዴ አውጥታ ሜዳው ላይ ዘርግታ ተቀመጠች። ከእኔ በቀር አንድ ሰው አልመጣም። ዝም አይነቅዝም ብሎ ሰው ሁሉ በየቤቱ ተከተተ። ቄስ ወልደ ዮሐንስም በሕይወት አለ ለሚባል ሰው ፍትሐት አላደርስም አሉ፤ እሳቸውስ ምን ያድርጉ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ጋቢውን አጥፋ ተነሣች። በሳምንቱ ጓዟን ጠቅልላ ጎንደር ገባች፤ እኔም ትንሽ ቆይቼ ተከተልኋት።

ጣሊያን ከወጣ አሥር ዓመት አልፎት ይሆናል፣ አንድ ቅዳሜ አድማሴ ገበያ መጣ። አድማሴ የልጅነት ጓደኛችን ነው፤ ማር ቆራጭ ነው፣ ከገደል ላይ የዱር ንብ ማር የሚያወርድ። ያን ዕለት ግን ማር አላመጣም። ከጋቢው ሥር የተጨማደደ ዝናር አወጣና ደብሪቱ ጭን ላይ አኖረላት። የክረምቱ ጎርፍ ከጠባቢት አፍ ላይ የጣለው ነው አለ። ደብሪቱ ዝናሩን አገላብጣ ስፌቱን አየችው። ለእንኳየሁ ጠፍሩን የሰፋችለት እሷ ናት፤ እንደ ገመዷ ሁለት ጊዜ እየመለሰች ነበር የምትሰፋው፣ ሌላ እንዲያ የሚሰፋ የለም።

ጠባቢት የምንላት ዐለቱ ተሰንጥቆ የቀረ የወንዝ መንገድ ናት። ክረምት ክረምት ከደጋው የሚወርደው ጎርፍ እየገዘገዘ አጥልቋታል፤ በበጋ ጠብታ ውሃ የላትም፣ እንደ ምድጃ ትግላለች። ባለቤት አለባት ይባላል። ጋኔን ማለታቸው ነው። ወንድ ከገባ ያብዳል፣ ሴት ከገባችማ አትወጣም ይሉ ነበር። አድማሴ ውስጥ ከግድግዳው ከፍ ብሎ ዋሻ እንዳለ ከላይ ሆኖ አይቷል፣ ገብቶበት ግን አያውቅም። እኔ ፈራሁ፤ ለምን እዋሻለሁ። ሴት አትወጣም ይላሉ እኮ ብላት ደብሪቱ፣ «ወንድ ገብቶ አልወጣም። እስቲ ሴት ትሞክረው» አለችኝ።

ዐቢይ ጦም ሳይገባ ሦስታችን ሄድን። ደብሪቱ ለሽያጭ ካዘጋጀችው ሁሉ ወፍራሙን ገመድ መርጣ ተሸከመች፤ አድማሴ ከራሱ ሰም የሠራውን ጧፍ ያዘ፤ እኔ ስንቅና ውሃ። በስተጓሮ እንለፍ ብንላት እምቢ አለች። በመንደሩ መሀል፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው ሁሉ እያየን አለፍን። ጭቃ ሹም ደሴ ዱላውን ይዞ ወጣና መንገድ ላይ ቆመ። ባለቤቱን ቀስቅሳችሁ በአገር ላይ መቅሠፍት ልታመጡ ነው፣ አትወርዱም፣ ከልክያለሁ አለ።

«መሬቱን አረስኸው» አለችው ደብሪቱ። «ገደሉንም ልታርሰው ነው?»

ሰው ከየደጁ ሳቀ። ደሴ መንገዱን ለቀቀ።

ጠባቢት መጀመሪያ በሬ ታሳልፋለች። ትንሽ እንደ ሄዱ ሰው ብቻ፣ ከዚያ ሰውም በጎኑ። ደረታችን አንዱን ግድግዳ፣ ጀርባችን ሌላውን እየፋቀ ገባን። ሽቅብ ባይ ሰማዩ እንደ ፈትል ቀጥኗል። ዐለቱ በጎርፍ ታጥቦ ታጥቦ ለስልሷል፣ የምንይዘው የለም። አንድ ቦታ ላይ አድማሴ ደረቱ ተቀርቅሮ ወደፊትም ወደኋላም አልል አለ። እኔ ይኸው ባለቤቱ ያዘው ብዬ ጊዮርጊስን መጥራት ጀመርሁ። ደብሪቱ ከኋላው ሆና፣ ማሩን አብዝተህ በልተህ ነው፣ ትንፋሽህን አውጣ ብላ በትከሻዋ ገፋችው፤ ወጣ። ከዚያ በኋላ ፍርሃቴ ቀለለኝ፤ ሦስታችንም እየተሳሳቅን ነበር የምንሄደው፣ ድምፃችን ከላይ ሲመልስልን እንደገና እንስቃለን።

ዋሻው ካናታችን በላይ ነበር። አድማሴ ጀርባውን ባንዱ ግድግዳ፣ እግሩን በሌላው ረግጦ እየተገፋ ወጣ፤ ለማር ሲል የለመደው ነው። ገመዱን ከላይ ካለ ዐለት አስሮ ለቀቀልንና ቆዩ፣ ይይዝ እንደሆነ ልሞክረው አለ። የእኔን ገመድ ነው የምትሞክረው አለችና ሳይጨርስ ተንጠልጥላ ወጣች። እኔን ጎትተው አወጡኝ፤ የጉልበቴ ጠባሳ ዛሬም አለ።

ጧፉን ስንለኩስ የሌሊት ወፎች በፊታችን ላይ ፈሰሱ። ከዋሻው አፍ አጠገብ፣ የክረምቱ ጎርፍ ሞልቶ እየላሰ በሚመለስበት፣ የበሰበሰ የዝናር ጠፍር ተበታትኗል። ከውስጥ ከፍ ብሎ፣ ውሃ በማይደርስበት፣ ግድግዳውን ተደግፎ አንድ ሰው ተቀምጧል። አጥንት ነው፤ ግን መቀመጡን አልተወም። የጎኑ አጥንት በጥይት ተሰብሯል። አቁማዳውን እንዳቀፈ ነው የሞተው፤ የአቁማዳው አፍ እንደ ታሰረ ነው፣ ጥይቱ አልተነካም። ቆስሎ እዚህ ድረስ ወጥቶ አደራውን ሲጠብቅ ቀረ።

ደብሪቱ ፊቱን አላየችም። ተንበርክካ ቀኝ እግሩን በእጇ ዳሰሰች፤ እንደ ልጅ እግር ቀስ አድርጋ። ከዚያ እጄን ይዛ ቅልጥሙ ላይ አኖረችው። መሀሉ ላይ ጎብጦ ወደ ውጭ ሄዷል።

«ይኸው» አለች፣ «ሲንጠባረር።»

እኔና አድማሴ አለቀስን። እሷ ጋቢዋን ዘርግታ አጥንቱን አንድ በአንድ ትሰበስብ ነበር።

እሑድ ቅዳሴ ወጥቶ ሰው ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ እንደ ቆመ ጋቢውን መሀል አስቀምጣ ፈታችው። አቁማዳውን አፈሰሰችው፤ ጥይቱ ድንጋዩ ላይ ተንከባለለ። ሰው ሁሉ አማተበ። ደሴ ቀልጣፋ ነው፤ ቀድሞ ቆቡን አወለቀና፣ ይህ አርበኛ ነው፣ ነፍሱን ይማር፣ በክብር ይቀበር አለ። ቀጠለና፣ ይሁን እንጂ ለአገሩ የሞተ ብዙ ነው፤ ዝናርም ከእጅ እጅ ይዞራል። ይህ እንኳየሁ ነው ያለው ማነው? እንኳየሁ አሥመራ ነው አለ።

ደብሪቱ ቅልጥሙን አንሥታ ለአያ አለኸኝ ሰጠችው።

አያ አለኸኝ በጣም አርጅቶ ነበር፤ ዓይኑ ደክሟል፣ አውራ ጣቱ ግን ያው ነው። አጥንቱን ተቀበለና ዳሰሰው። ስብራቱ ላይ ሲደርስ አውራ ጣቱ ቆመ። አወቀው፤ እኔ አጠገቡ ነበርሁ፣ ማወቁን አይቻለሁ። እጄ ነው ቢል ዕድሜውን ሙሉ ሲምልበት የኖረው ሊፈርስ ነው፤ ልጁና የልጅ ልጁ ወጌሻ ናቸው፣ እነሱም ከኋላው ቆመዋል።

«የእኔ እጅ አይደለም» አለ።

ደሴ ተነፈሰ። እኔ ሽማግሌውን ልሰድበው አፌን ስከፍት ደብሪቱ ክንዴን ያዘችኝ። እሷ ገዥ የምታባርረዋ፣ በዕድሜዋ ለማንም ድምፅዋን ያላለዘበችው፣ ሄዳ ከፊቱ ቁጢጥ አለች።

«አያ አለኸኝ፣ አገር ሙሉ ባንተ እጅ ነው ቆሞ የሚሄድ። አንድ ጠመመብህ። ቀና አድርገህ ገጥመኸው ቢሆን እኔ በዚያ ዋሻ ውስጥ ማን ብዬ አውቀው ነበር? የጠመመው ነው ወንድሜን ያስገኘልኝ። አሁን አንተ ከካድኸው እንኳየሁ ሁለተኛ ሞተ፤ እኔም ከዚህ አልነሣም።»

ሽማግሌው ስብራቱን እንደገና በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። ከዚያ ቅልጥሙን በሁለት እጁ ከፍ አድርጎ ለሰዉ አሳየ።

«እጄ ነው» አለ። «ጠማማ አድርጌ የገጠምሁት እኔ ነኝ። ልጁ ተንጠባሮ አያውቅም።»

አጥንቱን ደረቱ ላይ አድርጎ ጮኸ፤ የመጀመሪያው አልቃሽ እሱ ሆነ። ከዚያ በኋላ ማን ማንን ይዞ! ቄስ ወልደ ዮሐንስ ዕለቱን ፍትሐት አደረሱ፣ እንኳየሁ ከናቱ ጎን ተቀበረ። መሬቱን ደብሪቱ በኋላ ጎንደር ድረስ ተሟግታ አስመለሰች፤ እሱ የራሱ ጣጣ አለው፣ ተዉት።

ለቅሶው በእናቷ ወንድም ቤት ተቀመጠ። ከየአቅጣጫው ሰው ይጎርፋል፤ በፊት ከቤቱ ያልወጣው ሁሉ ነጠላውን አዘቅዝቆ መጣ። ደብሪቱ ማንንም አልመለሰችም። በማግስቱ ደሴም መጣ። ጭቃ ሹም ከአርበኛ ለቅሶ ከቀረ ሰው ፊት አይቆምም፤ እሱን ያውቃል። እንጀራ በመሶብ አሸክሞ፣ ሰዎች አስከትሎ በሩ ላይ ሲደርስ ደብሪቱ ተነሥታ መቃኑን በሁለት እጇ ያዘች። ቤቱ ሙሉ ሰው ነው።

«እግዜር ያጥናሽ» አለ ደሴ ዓይኑን ወደ መሬት አድርጎ።

«ማን ሞቶብኝ?»

ደሴ መሶብ የተሸከመውን ሰው አየ፤ ሰውዬው ፊቱን አዞረ።

«ወንድምሽ» አለ።

«ስም የለውም?»

«እንኳየሁ።»

«የትኛው እንኳየሁ? አሥመራ ያለው?»

ደሴ ላቡን በነጠላው ጫፍ ጠረገ። ወደ ኋላው ዞር ሲል ሰዎቹ ፈቀቅ ብለው ብቻውን አቁመውታል።

«አርበኛው እንኳየሁ» አለ።

«እውስጥ ያሉት አልሰሙህም» አለች ደብሪቱ፣ እጇን ከመቃኑ ሳታነሣ። «እንደገና በል።»