«ረሃብ በስንት ሰዓት መጣ?» ይሉ የነበሩት ሲስተር ወይንሸት

የነርሷን የሲስተር ወይንሸትን ማረፍ የሰማሁት ከወልድያ ወደ መርሳ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ነው። እሳቸውን ለምታውቁ ሁሉ፣ በተለይ ሚዛናቸው ላይ ለቆማችሁ፣ መጽናናቱን ይስጣችሁ።

እኔ ወልድያ ክሊኒካቸው ውስጥ እዚያ ሚዛን ላይ ስወጣ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። የክፍሌ ልጆች «ሆዳሟ» ስለሚሉኝ ትምህርቴን ልተው ቆርጬ ነበር። የጠበቅሁት ቁጣ ነው። እሳቸው ግን መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ «ምን በላሽ አልልሽም። የራበሽን ሰዓት ጽፈሽ አምጪልኝ» አሉኝ።

ጻፍኩ። ረሃቡ የሚመጣው ሁልጊዜ በምሳችን ሰዓት፣ ሰባት ገደማ ነበር። ረመዷን ሲገባም የመጀመሪያዎቹን ቀናት በዚያው ሰዓት አስቸገረኝ፤ እያደር ግን ወደ መግሪብ፣ ወደ ማፍጠሪያው ሰዓት፣ ሸሸ። ሲስተር ይህን ሲያዩ ከወንበራቸው ተነሡ። «አየሽ! ጨጓራሽ ለአንጎልሽ ሆርሞን ይልካል፤ የለመደውን ሰዓት ያውቃል። ስብሽ ደግሞ ‹ይበቃል› የሚል ሌላ ሆርሞን ይልካል፤ የአንዳንዱ ሰው አንጎል ይህን በደንብ አይሰማም። ታዲያ ይኼ ሆዳምነት ነው እንዴ?» ለካ የራሳቸውንም ረሃብ ይመዘግቡ ኖሯል፤ ከእኔው ጋር ያስተያዩት ጀመር።

ባወጡልኝ የአመጋገብና የእግር ጉዞ ፕሮግራም ኪሎ ቀነስኩ። መርሳ ላይ ሰው «የሐጂ ልጅ ምን ነካት? ታመመች እንዴ?» አለ። ከወራት በኋላ ረሃቡ ከበፊቱ ብሶ መጣ፣ ኪሎዬም ተመለሰ። አፍሬ ከክትትሉም ከትምህርት ቤቱም ቀረሁ።

አንድ ቀን ሲስተር ከአባቴ የጨርቅ ሱቅ ደጃፍ ከሚኒባስ ወረዱ። አባቴ፣ «ይግቡ ሲስተር። ወላሂ፣ ይችስ አሳፈረችን» አሉ።

«የለም ሐጂ፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ሰውነት ሲከሳ ‹ይበቃል› የሚለው መልእክት ያንሳል፣ ረሃቡም ይብሳል። አስቀድሜ ልነግራት ሲገባኝ አልነገርኳትም። እሷ የሰነፈች መሰላት።» ወደ እኔ ዞሩ። «አሚናዬ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ።»

በማግስቱ ትምህርት ቤት ተመለስኩ። ዛሬ የባዮሎጂ መምህርት ነኝ፤ ከያኔው ብቀንስም ቀጭን አይደለሁም።

በመጨረሻው ሕመማቸው ልጠይቃቸው ስሄድ፣ «ረሃቤ ጭራሽ ጠፋ። የት እንደሚሄድ ባውቅ እንዴት ደስ ባለኝ!» ብለውኝ ነበር።

ሲስተር ወይንሸት፣ ከታላላቆቼ መካከል ይቅርታ የጠየቁኝ እርስዎ ብቻ ነዎት። ያን ቀን ግን «አፉ ብያለሁ፣ ይቅር ብያለሁ» አላልኩዎትም፤ ያን ያህል መንገድ መጥተው ውሃ እንኳ ሳላቀርብልዎ ሸኘሁዎት። ፈጣሪ ነፍስዎን ያሳርፍልን። እኔ አፉ ብያለሁ፤ እርስዎም አፉ ይበሉኝ።