ለታደሰ ሳንቃ የሚሆን ፎም ፍለጋ

ከነቀምት የተነሣሁት በዐቢይ ጾም መግቢያ፣ ሰኞ ማለዳ ነው። ዘመኑ የጃንሆይ፣ ሥራዬ አናጢነት፣ የጉዞዬ ምክንያት ደግሞ ታናሽ ወንድሜ ታደሰ ነበር። ታደሰ ምጽዋ የባሕር ኃይል መካኒክ ሳለ ከመርከብ መሰላል ወድቆ ወገቡን ተጎዳ። ሐኪሙ ባሕር ውስጥ እየዋኘ እንዲያጠነክረው ቢመክረውም ቶሎ ይደክመው ነበር። አንድ ቀን ግን አንድ የውጭ አገር ሰው በማዕበል መንሸራተቻ ሳንቃው ላይ በደረቱ አስተኝቶ ለቀቀው። ማዕበሉ ተሸክሞ አሸዋው ላይ አደረሰው። «ከወደቅሁ ወዲህ እንደዚያ ቀን ስቄ አላውቅም» ሲል ጻፈልኝ።

አሁን በልኩ የሚሠራ ሳንቃ ፈልጓል። ውስጡ ቀላል ፎም ሆኖ ላዩ በሬዚን ይለበጣል፤ ሬዚን ሲደርቅ እንደ ድንጋይ የሚጠነክር ፈሳሽ ነው። ፎሙን ፈልጎ ቅርጽ ማውጣት የእኔ ድርሻ ነው። ልባጡን ያ ሰው ምጽዋ ላይ ይሠራዋል፤ ነገር ግን ፋሲካ እንዳለፈ ወደ አገሩ ይመለሳል። ለሙከራ እንዲሆነኝ ታደሰ ጥቂት ሬዚን በጠርሙስ ልኮልኛል።

ሲሬ

አውቶቡሱ አንድ ብር አስከፍሎ፣ በየመንገዱ ዶሮና የማር እንስራ እየጫነ፣ ረፋድ ላይ ሲሬ አወረደኝ። በክሊኒኩ ቁስል የሚያጥቡት ድሬሰር ኦቦ ገመቹ መድኃኒት ታሽጎ የመጣበትን ነጭ ፎም እንዳስቀመጡ ሰምቼ ነበር።

«አካም ቡልተን፣ እንዴት አደሩ፣ ኦቦ ገመቹ?»

«ነጋ፣ ደኅና! ይግቡ፣ ይግቡ።»

ፎሙን ከጓዳ አወጡት። ቁመቱ እኔን ያህላል፤ በሁለት ጣቴ አነሣሁት። አንድ ወጥ፣ ንጹሕ፣ ምንም የማይወጣለት! አውቶቡሱ ሳይመለስ ልጭነው ስጣደፍ ኦቦ ገመቹ ጠርሙሱን አዩት።

«ይህ ነው የሚቀባው? እንግዲያው ጥግ ላይ ጠብ ያድርጉበት። እኔ ሳልሞክር ለሰው መርፌ አልወጋም።»

ጠብ አደረግሁ። ነጩ ፎም ትንሽ ጮኸና ሙቅ ውሃ እንደነካው ስኳር ወደ ውስጥ ሟሟ። ጣት የሚያስገባ ጉድጓድ ቀረ።

«በላው» አሉ ኦቦ ገመቹ በቀስታ።

ሻይ አስመጡልኝና እሳቸውም አብረውኝ ሲያስቡ ቆዩ። በመጨረሻ፣ «ቢላ ከተማ አዴ ጫልቱ የሚባሉ ባልቴት አሉ፤ የተበላሸ ፍሪጅ አላቸው። በሩ ሲሰነጠቅ ውስጡ ያለውን ፎም አይቼዋለሁ፤ ቢጫ ነው፣ ይህን አይመስልም» አሉኝ።

ቢላ

ማክሰኞ ጎህ ሲቀድ በቅሎ ተከራይቼ ወጣሁ። የመንገዱ ቀይ አፈር እስከ ቅንድቤ አለበሰኝ። ቢላ ስደርስ ፀሐይዋ አዘቅዝቃ ነበር፤ እኔም ከበቅሎዋ የወረድሁት ሰው ደግፎኝ ነው።

አዴ ጫልቱ እርጎ አቀረቡልኝ። ጾመኛ መሆኔን ስነግራቸው መልሰው እንደ ድንች ከመሬት የሚቆፈረውን አንጮቴ ቀቅለው ያለ ቅቤ አመጡልኝ። ፍሪጁ ሳሎናቸው ውስጥ ቆሟል፤ ልብሳቸውን ያስቀምጡበታል።

«ባሌ ከአዲስ አበባ ሲያመጣው የቢላ ሰው ሁሉ ወጥቶ አይቶታል» አሉኝ በሩን እየዳበሱ።

ይህን ሰምቼ እንዴት አፍርሱት ልበል? አፍሬ የታደሰን ነገር ብቻ አጫወትኋቸው። እስከ መጨረሻው አዳመጡኝ።

«ውሃ ላይ ተኝቶ ይድናል?»

«መዳኑን እንጃ፣ አዴ። ይስቃል።»

ከተሰነጠቀው በር አውራ ጣት የምታህል ቢጫ ፎም ቆርሰው መዳፌ ላይ አኖሩልኝ። ሬዚኑን ጠብ አደረግሁበት። አልጮኸም፣ አልሟሟም። ጠዋት ስነሣ ሬዚኑ ደርቆ በምስማር ብጭረው አልነካ አለ።

«ገለታ ዋቃ! ፈጣሪ ይመስገን!» አሉ አዴ ጫልቱ። «እንግዲህ ውሰደው። ልብሴን ግን የት ላድርግ?»

ሁለት ቀን ተቀምጬ በግቢያቸው ከነበረ የዋንዛ ጣውላ ባለ ሁለት በር ቁም ሣጥን ሠራሁላቸው። ከዚያ ፍሪጁን ፈታሁት። ቢጫው ፎም እንደ ነጩ ወጥ አይደለም፤ ጠርዙ ይፈረፈራል፤ የወጣልኝም በአምስት ቁራጭ ነው። ቢሆንም መሐሉ ላይ ቀጭን እንጨት አስገብቼ ባጣብቀው እንደማይሰበር እጄ ነገረኝ።

ነቀምት

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ደጄ ደረስሁ። ባለቤቴ ዘነበች ጆንያውን ፈታ ብትመለከት የቆሸሸ ቢጫ ፍርፋሪ ነው።

«ስድስት ቀን የጠፋኸው ለዚህ ነው?»

«ለዚህ ነው» አልኋት፤ ስቀን ገባን። ከዚያ ወዲህ ዓይኔን ደስ ባለው ነገር አልቸኩልም፤ ሥራዬን ከመጀመሬ በፊት ትንሽ ቆርሼ እሞክራለሁ። አዴ ጫልቱን ካገኘሁ ወዲህ ደግሞ ሰው ለዕቃው የሚሳሳው ለምን እንደሆነ ሳልጠይቅ ሽጥልኝ አልልም።

ቁራጮቹን አጣብቄ ቅርጽ ያወጣሁለት ሳንቃ በአሥመራ በኩል ሄዶ የውጭ አገሩ ሰው ሳይነሣ ምጽዋ ደረሰ፤ እሱም ለበጠው። ከፋሲካ በኋላ የታደሰ ደብዳቤ መጣ። ዘነበች ጮክ ብላ አነበበችልኝ፦

«ዛሬ አራት ጊዜ ማዕበሉ ወሰደኝ። ሦስቱን በደረቴ ተኝቼ፣ አራተኛውን ተንበርክኬ።»