እማዬ የፈተነችው የኩል ድንጋይ

ድንጋይ በድንጋይ ላይ ሲፈጭ የሚያሰማውን ቀጭን ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ዛሬም የእማዬ ኩል ትዝ ይለኛል። ክረምቱ ወጥቶ ዝንቡ ሲበዛ፣ እኛን የቁይ ከተማ ልጆችን ዓይናችንን ያመን ነበርና፣ እማዬ ኩል ፈጭታ ትኩለን ነበር።

አንድ መስከረም ግን የጎረቤታችን ልጅ ከገበያ በተገዛ ኩል ዓይኗ ተቃጠለ፤ የባትሪ ድንጋይ ጥቁሩ ተፈጭቶ ኩል ነው ተብሎ ተሽጦላት ነው አሉ። ወሬው ሳይበርድ የታናሽ እህቴ የብርቄ ዓይን አብጦ ተጣበቀ፣ ቤት ያለው ኩልም አልቆ ነበር።

እማዬ እኔን አስከትላ ገበያ ወረደች። ሻጯ ዱቄቱን ብታቀርብላት እምቢ ብላ ድንጋዩን ጠየቀች። በመዳፏ ይዛ መዘነችው፤ እንቁላል የማያህል ሆኖ እጇን ቁልቁል ይጎትት ነበር። ከቤት ያመጣችውን ስኒ ገልብጣ በሻካራው ቂጡ ላይ ብትጭረው፣ ጥቁር ግራጫ መስመር ወጣ። ይህም አልበቃት ብሎ «ስበሪልኝ» አለቻት።

«እህቴ፣ ካላመንሽኝ ተይው» አለች ሻጯ ፊቷን አጥቁራ።

«የምኩለው ዓይን ነው፤ በር አይደለም የምቀባው።»

ሻጯ እየተነጫነጨች በመዶሻ መታችው። እንደ ሌላ ድንጋይ አልተንኮታኮተም፤ ባለ አራት ማዕዘን እየሆነ ተሰነጠቀ፣ ፊቱም እንደ አዲስ ምላጭ አብለጨለጨ። «እሱው ነው» አለች እማዬ ትንፋሿን ለቀቅ አድርጋ።

ቤት ገብታ ፈጭታ፣ በስስ ጨርቅ ነፍታ፣ መጀመሪያ ራሷ ተኳለችና እስኪመሽ ጠበቀች። እኔ ዓይኗ ይቀላ ይሆን እያልኩ ዓይን ዓይኗን አይ ነበር። ደኅና መሆኗን ስታይ ብርቄን ጭኗ ላይ አስተኝታ ኳለቻት። ከቀናት በኋላ የብርቄ ዓይን ሲከፈት እማዬን የሚያህል አዋቂ የለም አልኩ። በጋውን በሙሉ፣ ለጥምቀትም ለጌጥ፣ ያንኑ ኩል ትኩላት ነበር።

ዘጠነኛ ክፍል ስገባ መምህራችን አንድ ድንጋይ አሳየን፤ ከባድ፣ እንደ ብረት የሚያብለጨልጭ፣ ሲጫር ጥቁር ግራጫ፣ ሲሰበር ባለ አራት ማዕዘን። ሳይጨርስ «ኩል ነው» አልኩ።

«ጋሌና ይባላል» አለ። «እርሳስ የሚባለው ብረት የሚወጣው ከዚህ ነው፤ የሕፃንን አእምሮ የሚጎዳ መርዝ ነው።»

በሩጫ ሄጄ ለእማዬ ነገርኳት። ሰምታ ሰምታ፣ «እውነተኛውን ነው እኮ የመረጥኩት» አለችኝ። ድንጋዩን የት እንደጣለችው አላውቅም።

ዛሬ ብርቄ አድጋ ደብረ ማርቆስ ትሠራለች፣ ደኅና ናት። ልጄን ዓይኗን ሲያማት ጤና ጣቢያ እንሄዳለን እንጂ ኩል ቤታችን አይገባም። ያኔ እማዬ ድንጋዩን ፈትና ልቧ ያርፍ ነበር፤ አሁን ብርቄ እኛን ጠይቃ ስትሄድ ስልኳን ረስታ ከመንገድ ስትመለስ ሁላችንም እንስቅባታለን፣ እማዬ ብቻ አትስቅም።