ዋስ የሌለው እቁብ

በቀደም የልጅ ልጄ ቤት ቴሌቪዥን ስናይ፣ አንዲት ያጌጠች ሴት መብራቱ ከሚብለጨለጭ ሣጥን ፊት ተቀምጣ ሳንቲም ስትከትበት አየኋት። ልጁ የቁማር ማሽን መሆኑን ሊያስረዳኝ ሲጀምር እኔ አውቀዋለሁ አልኩት። ሳቀብኝ። ይሳቅ እንጂ ደብረ ማርቆስ ላይ፣ በጣሊያን ጊዜ፣ ከባለቤቴ ከተገኘ ጋር ፊት ለፊቱ ቆሜያለሁ።

ያን ጊዜ አዲስ ሙሽሮች ነበርን፤ ያለን አንድ በሬ ነው። ባለ አንድ በሬ ከሌላ ባለ አንድ በሬ ጋር ተቀናጅቶ ያርሳል። አብሮን ያርስ የነበረው ጎረቤታችን ግን ሁከቱን ሽሽት በሬውን ነድቶ ቆላ ወርዷል። ክረምቱ ሳይገባ ሁለተኛ በሬ ካልገዛን ማሳችን ጦም ያድራል። ስለዚህ ያጠራቀምነውን ማር በአህያ ጭነን ወደ ማርቆስ ወጣን። ግንቦት ነበር፤ መንገዱ አቧራ፣ ሰማዩ ደመና። ምንጭ ዳር አርፈን በሶ በጠበጥን፤ ተገኘ ከማሩ ጠብ አደረገበት። እንደዚያ የጣፈጠ በሶ እስከ ዛሬ አልቀመስኩም።

ማሩን የገዛን ከገበያው ጥግ ሱቅ የነበረው አንድ ግሪክ ነው። በጣሊያን ገንዘብ፣ በሊሬ ከፈለን። ሱቁ ውስጥ እጀታ ያለው የብረት ሣጥን ቆሟል። ተገኘ ምንድን ነው ብሎ ቢጠይቅ ግሪኩ አንድ ሊሬ ከትቶ እንዴት እንደሚሳብ አሳየው። ተገኘም በተራው ከተተና ሲስብ ሣጥኑ ዝርዝር ሊሬ ዘረገፈለት። ምነው ባልዘረገፈ።

ከዚያ ወዲያ ሥራው መዋጥ ብቻ ሆነ። ተገኘ ግን አልደነገጠም። የገበያው ነጋዴዎች እቁብ ውስጥ ስላለ በየገበያው ይከፍላል፣ ተራው ሲደርስ ዕጣው ይወጣለታል። ሣጥኑንም እንደዚያው ነው የቆጠረው። ይህን ሁሉ ከፍዬ ዕጣው ለማን ሊወጣ ነው ይለኛል ላቡን እየጠረገ። እጁ ወደ ከረጢቱ በገባ ቁጥር የበሬያችን አንድ እግር የሄደ ይመስለኝ ነበር። የዚያን ጊዜ ሙሽራ ደግሞ ባሏን በሰው ፊት ተው አትልም። ስለዚህ ሮጬ ሄጄ የእቁቡን ዳኛ፣ ጨርቅ ነጋዴውን ሐጂ ሰይድን ጠራኋቸው።

ሐጂ ሰይድ ቁማር ካለበት ቤት እግራቸውን አያስገቡም። ደጃፉ ላይ ቆሙና ስለ ጤናው፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ዝናቡ ጠየቁት። ተገኘ እጀታውን እንደያዘ መለሰላቸው፤ ተራዬን እየጠበቅሁ ነው አላቸው።

"ደግ" አሉት። "ገንዘቡን ቀድሞ የወሰደው ግን ሣጥኑ ነው። ዋሱ ማነው?"

በእቁብ ቀድሞ የደረሰው ሰው መክፈሉን እንዳያቋርጥ ዋስ ሳይጠራ ገንዘቡን አይነካም። ይህን የማያውቅ ገበያተኛ የለም። ተገኘ ሣጥኑን አየ፣ ግሪኩን አየ፤ ግሪኩ ብርጭቆ ይወለውላል። ከዚያ አንድ ሊሬ አስቀርቶ ከረጢቱን ከአንገቱ አወለቀ።

"ያዥልኝ" አለኝ። "ይቺን አንዷን ለጨዋታ ልጣላትና እንሂድ። ብለምንሽም እንዳትሰጪኝ።"

ጣላት፣ ሳበ፣ ምንም አልወጣም። ፈገግ ብሎ ወጣ።

ሐጂ ሰይድ የተረፈንን ሊሬ በጠገራ ብር መነዘሩልን። ገበሬው ሊሬ አልቀበልም ይል ስለነበር ትልቅ ውለታ ነው። እሳቸው ግን ጠገራ ለሣጥኑ ቀዳዳ ስለሚሰፋ ነው አሉን። ያሰብነው በሬ አልተገዛም፤ በቀረው ያልተገራ ወይፈን ገዛን። እስኪገራ ድረስ ተገኘን ጭቃ ለጭቃ ጎተተው። ሆኖም ዝናቡ ሲጥል ማሳችን ታርሶ ነበር፤ የዚያን ዓመት ከራሳችን ጎተራ በላን።

ከዚያ በኋላም ተገኘ ጨዋታውን አልተወም። ማርቆስ ስንወጣ ለጨዋታ የምትሆነውን አስቀድሞ ይለያል፣ ሌላውን ለእኔ ይሰጣል፣ ያቺ ስታልቅ ይወጣል። አንዴ ቀንቶት ስኳር ገዝቶልኛል።

ተገኘንም ሐጂ ሰይድንም አፈሩ ይቅለላቸው። ዛሬ ጎረቤቱ የእድሩን፣ ልጆቼም የራሳቸውን ገንዘብ እኔ ዘንድ ያስቀምጣሉ፤ የታመነች ሴት ይሉኛል። ከሁሉ በፊት ያመነኝ ግን ተገኘ ነው፤ ያውም ራሱን ማመን ባቃተው ሰዓት፣ ገበያተኛው እያየው።