ሰፌዱን ያስተማረ ሰው

ኩሙዲኒ፣ ኡዳይናት መሄር የሚባለውን ሰው ስታገባ ሰውየው ሸማኔ ነበር። ቢያንስ ለአባቷ የተላኩት ሽማግሌዎች እንደዚያ ብለው ነበር። «ልጁ ጭምት ነው፤ ከሽመና ጉድጓዱ ቀና አይልም» አሉ። ያልተናገሩት ነገር ቢኖር አንዴ ቀና ካለ ተመልሶ የማይገባ መሆኑን ነው። በሠርጉ በሦስተኛው ቀን የሰፈሩ የውሃ ፓምፕ ተበላሸ፤ ሙሽራውም አርባ ሰው አስከትሎ ወደ ወረዳው ጽሕፈት ቤት ወረደ። የተመለሰው በማግስቱ ነበር። ድምፁ ተዘግቷል፤ ደስታው ግን ልክ የለውም። ኩሙዲኒ ያን ዕለት መንቃት ነበረባት።

ከዚያ ወዲያ የመጣው ሁሉ የዚያ ፓምፕ ጣጣ ነው። መጀመሪያ የመንደሩ ምክር ቤት ሊቀ መንበር ሆነ፤ ቀጥሎ የምርጫ ምልክቱ ሰፌድ በሆነ ፓርቲ ስም የወረዳው፤ ቀጥሎ በዚያው ፓርቲ ስም ተወዳድሮ ዋና ከተማው ቡባኔሽዋር ያለው የክልሉ ምክር ቤት ገባ። ሦስት ጊዜ ተመረጠ። በአንደኛው ዘመን ለአሥራ አንድ ወር የዓሣ ሀብት ምክትል ሚኒስትር አድርገውት ነበር፤ ዓሣ ሲሸተው የሚያቅለሸልሸውን ሰው! ሰዎቹ እንዴት እንደሚያስቡ ኩሙዲኒ እስከ ዛሬ አልገባትም።

ቤቱ ቤት መሆኑ ቀረ። ገና ጎህ ሳይቀድ በረንዳው ሰው ይሞላል። አንዱ ልጄን ከሩቅ ትምህርት ቤት አዛውርልኝ ይላል፣ ሌላው ጎረቤቴ ድንበሬን ገፋ ይላል፣ ሦስተኛዋ ለባሏ የሐኪም ቤት አልጋ ትፈልጋለች። ሁሉም ሻይ ይጠጣሉ። ሻዩን የምታፈላው ኩሙዲኒ ናት። የሠርግ ወራት ሲመጣ ደግሞ ሰዉ በሕንድ ወግ አክብሮ «ኡዳይ ባቡ» የሚለው ባሏ በቀን ሰባት ድግስ ይዞራል፤ ካልቀመሰ ባለሠርጉ ይቀየመዋል፣ የተቀየመ ደግሞ ድምፁን ይነፍገዋል። ማታ ቤቱ ሲገባ «ጠግቤአለሁ» ይላል። የገዛ ልጁን የሊፓን ሠርግ እንኳ ያረፈደው የሌላ ሰው ሠርግ ላይ ብቅ ብዬ ልምጣ ብሎ ነው። በሠላሳ አንድ ዓመት ትዳር አንድ ምሳ አብረው ጀምረው አብረው ጨርሰው አያውቁም። ኩሙዲኒ ከሕይወት የምትፈልገው ይህንኑ ነው፤ ባሏ ፖለቲካውን ትቶ አንድ ሰሃን ሩዝ ከፊቷ ተቀምጦ እንዲጨርስ። ይሄ ብዙ ነው?

ሰውየው ግን ሥራውን ያውቅበታል፤ ይህን አትክድም። የሸማኔው ሰፈር ሽማግሌዎችና ሴቶች አብዛኞቹ ማንበብ አይችሉም። ስለዚህ ከካርቶን የድምፅ መስጫ ማሽን ሠራ፤ ቁልፎቹን ከልብስ ቁልፍ፣ ሥዕሎቹን በገዛ እጁ። ሃያ ዓመት ሙሉ በየምርጫው ያንን ተሸክሞ ቤት ለቤት ዞረ።

«ስሜን አትፈልጉ! ፊቴን አትፈልጉ! ሰፌዱን ፈልጉ፣ አጠገቡ ያለውን ቁልፍ ተጫኑ፣ ጢጥ ሲል ውጡ!»

የመጀመሪያዋ ተማሪ እናቱ ሴባቲ ነበረች። አሁን ሰማንያ አራት ዓመቷ ነው፤ የልጅ ልጆቿን ስም ታምታታለች እንጂ ሰፌዱን አትስትም።

በአራተኛው ምርጫ ዋዜማ ፓርቲው ሰፌዱን ከኡዳይ ባቡ ነጥቆ ለራንጂት ሰጠው። ራንጂት የድንጋይ ካባ ባለቤት ልጅ ነው፤ በሸማኔው ሰፈር ከመኪና ወርዶ እንኳ አያውቅም። ወሬው ሲደርስ ኡዳይ ባቡ ግድግዳ ተደግፎ ቁጭ አለ። ኩሙዲኒ አዘነችለት። ከሐዘኗ ሥር ግን ደስታ ነበር፤ አፍራበትም አልተወችውም። በቃ፣ ተገላገልን አለች በልቧ።

የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ። በሦስተኛው ቀን ተነሥቶ በግሉ ለመወዳደር ተመዘገበ። በግል የሚወዳደር ሰው ምልክቱን የሚያገኘው ማንም ካልያዘው ዝርዝር ውስጥ ነው። ኡዳይ ባቡ የቤት መሰላል ፈልጎ ነበር፤ ሌላ ሰው ቀደመው። የልብስ ስፌት መኪናም ሄደ። የደረሰው ካውያ ነው።

«ካውያ?» አለች ኩሙዲኒ። ባሏን በስሙ ጠርታው አታውቅም። «የሊፓ አባት፣ እዚህ ሰፈር ካውያ ያለው ማነው?»

«እኛ አለን።»

«እኛ ያለንማ ያንተን ነጭ ልብስ ስተኩስ ወገቤ እንዲቆረጥ ነው!»

«የሊፓ እናት፣ ሕዝቡ የሚያውቀው እኔን ነው እንጂ ምልክቱን አይደለም።»

«ታዲያ ሃያ ዓመት ፊቴን አትዩ እያለ ሲጮህባቸው የኖረው ማነው? እኔ ነኝ?»

ሰውየው መልስ ሲያጣ ይምላል። በእናቱ ራስ ላይ እጁን ጫነና «ይሄን ከተሸነፍኩ ፖለቲካ በቃኝ! ወደ ሽመናዬ እገባለሁ፤ በእማዬ ራስ!» አለ። ሴባቲ ምን እንደተማለባት ሳይገባት «አሜን» አለች። ኩሙዲኒ ግን ቃሉን አንድ በአንድ ያዘችው።

የቀሩት አሥራ ስምንት ቀናት ነበሩ። በሰፈሩ ግድግዳ ሁሉ ላይ ሰፌድ አለ፤ የሣለው ራሱ ነው። ልጆች ቀጥሮ በኖራ አስቀባው፤ ፀሐይ ሲመታው ሰፌዱ ከኖራው ሥር ፍንትው ብሎ ይታያል። የካርቶን ማሽኑን አድሶ እናቱ ፊት ተቀመጠ።

«እማ፣ ሰፌዱን ተይው። ካውያውን ነው።»

«እሺ ልጄ።»

«የቱን ነው የምትጫኚው?»

«ካውያውን።»

«ጎበዝ! በይ ተጫኚ።»

ሴባቲ ጣቷን ዘረጋች። ካርቶኑን ከላይ እስከ ታች ቃኘችና «ሰፌዱን የት ደበቅኸው ታዲያ?» አለችው። ኩሙዲኒ ወጥ ቤት ገብታ በቀሚሷ ጫፍ አፏን ያዘች። ሳቅ ይሁን ለቅሶ እሷም አልለየችውም።

የምርጫው ቀን ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ተሰለፈች። ጣቷን ቀለም ቀቧት፤ ከካርቶን መከለያ ጀርባ ገባች። ማሽኑ ፊቷ ነው። ካውያው አራተኛ ላይ ነው፤ አጠገቡ የባሏ ስምና ፎቶ። ፎቶው ያማረ ነበር፤ ልብሱን የተኮሰችው እሷ ናት። ሰፌዱ ሁለተኛ ላይ ነው። ከመከለያው ውጭ ማንም ሻይ አልጠየቃትም፣ ማንም «ባቡ አሉ?» አላላትም። በዚያ ቤት ከሠላሳ ዓመት በላይ ስትኖር ለብቻዋ እንዲህ የተተወችበት ጊዜ ትዝ አላላትም። እጇ ካውያው ላይ ቆየ። በእናቱ ራስ ምሏል፣ አለች ለራሷ። ከዚያ ሰፌዱን ተጫነች። ጢጥ አለ።

ኡዳይ ባቡ በሁለት መቶ አሥራ አራት ድምፅ ተሸነፈ። የሚያሳፍረው ሌላ ነው፤ የገዛ ሰፈሩ ምርጫ ጣቢያ ለሰፌዱ የሰጠው ድምፅ ለካውያው ከሰጠው ይበልጣል።

በማግስቱ በረንዳው ጢም አለ። ዛሬ የመጡት ሊጠይቁ ሳይሆን ይቅርታ ሊሉ ነው። ሽማግሌው ጎበርዳን የቀኝ እጁን ጣት ቀስሮ አለቀሰ።

«ኡዳይ ባቡ፣ ይህቺ ጣት ትቆረጥ! ዓይኔ ካውያውን እያየ ጣቴ ሄዳ ሰፌዱ ላይ አረፈች!»

«ጣትህ ምን አጠፋች ጎበርዳን፤ እኔው ነኝ ያስተማርኳት።»

አንዷ ስትወጣ ሌላዋ ትገባለች፤ ሁሉም ያው ነው። ሴባቲ ማዕዘኗ ላይ ተቀምጣ «እኔስ እንዳስተማርከኝ ነው የተጫንኩልህ፤ ጢጥ አለልኝ! የድሉ ጣፋጭ መቼ ነው የሚታደለው?» ትላለች። እንደተሸነፈ የነገራት የለም።

ኩሙዲኒ ሩዙን አቅርባ ጠበቀችው። ውሃ ውስጥ ያደረ ሩዝ፣ የተጠበሰ ደበርጃን፣ ሽንኩርት። እውነትም መጣና ፊት ለፊቷ ተቀመጠ። ፊቱ ላይ ግን ሐዘን የለም፤ እንዲያውም በርቷል።

«አየሽ አይደል? ሕዝቡ አልጠላኝም! የተሳሳተው ጣቱ ነው። አምስት ዓመት አለን። ከነገ ጀምሬ ካውያውን ባስለምዳቸው...»

«ከተሸነፍኩ ብለህ በእናትህ ራስ ምለሃል።»

«እኮ፤ ከተሸነፍኩ ብዬ ነው። ይሄ ምኑ ሽንፈት ነው? ይሄ ስሕተት ነው!»

ኩሙዲኒ የያዘችውን ጉርሻ ሰሃኑ ላይ መለሰችው።

«እኔ አልተሳሳትኩም» አለችው። «ሰፌዱን ነው የመረጥኩት።»

ሳቀ። «አንቺም? አይዞሽ፣ ልማድ ነው።»

«ልማድ አይደለም! ስምንተኛ ክፍል ጨርሻለሁ፤ ማንበብ እችላለሁ። ስምህን አነበብኩት፣ ፎቶህን አየሁት፣ ከዚያ አውቄ፣ ዓይኔን ገልጬ ሰፌዱን ተጫንኩት።»

ሳቁ ፊቱ ላይ ቀረ፤ ወዴት እንደሚያደርገው ያጣ ይመስላል።

«ለምን?» አለ። ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር፤ የበረንዳ ድምፅ አልነበረም።

በሠላሳ አንድ ዓመት ለምን ብሎ ሲጠይቃት ይህ የመጀመሪያው ነው። ከየት እንደምትጀምር አላወቀችም፤ ግን ልትጀምር ነበር። አፏንም ከፍታለች።

«ኡዳይ ባቡ! ኡዳይ ባቡ አሉ?» አለ አንድ ሰው ከደጅ። «ልጄን ፖሊስ ይዞብኛል!»

«ቆይ፣ መጣሁ» አላት እየተነሣ። «እንዳትረሺው፣ እንነጋገራለን።»

ኩሙዲኒ አልረሳችውም። የምትለውን ከመጀመሪያው እያሰናዳች ተቀምጣ ጠበቀች። ሩዙን ሁለቱም አልነኩትም። ከበረንዳው ድምፁ ይሰማታል፤ «ግድ የለም፣ ይፈታል፣ እኔ ራሴ እሄዳለሁ» ይላል። ሲመለስ ፊቱ እንደ ሙሽራ ወገግ ብሏል፤ ሸሚዙን እየቆለፈ ግራ ቀኙን ያያል።

«የሊፓ እናት፣ ጫማዬን አይተሻል?»

ጫማው የጓሮው በር ሥር ነው፤ ከተቀመጠችበት ወለል ብሎ ይታያታል።

«አላየሁም» አለችው።