የነገሌው ቻርጀር ለምን ይቃጠላል?

ከአዲስ አበባ የተነሳነው ሰኞ ማለዳ ነው። ዘመኑ የሰባዎቹ አጋማሽ፣ በየኬላው የይለፍ ወረቀት የሚጠየቅበት ጊዜ ነበር። እኔ የአንድ መሥሪያ ቤት የሬዲዮ ቴክኒሻን ነኝ። በቦርሳዬ ቴስተር፣ መበየጃና ሦስት ዳዮድ ይዣለሁ። በደረት ኪሴ ደግሞ አንድ ቅጽ አለ፤ ከሁሉ የከበደኝ እሱ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ነገሌ ቦረና ባለው ጣቢያችን ቻርጀሩ በሁለት ወር ውስጥ አራት ጊዜ ተቃጠለ። ቻርጀር የምንለው የጄኔሬተሩን ኤሌክትሪክ ለባትሪ ወደሚስማማው ዓይነት የሚለውጠውን ማሽን ነው። እሱ ከቆመ ሬዲዮው ይዘጋል፤ ሬዲዮው ከተዘጋ ዶሎ ላይ ምጥ ለጠናባት ሴት ከነገሌ አምቡላንስ የሚጠራላት የለም። መለዋወጫ ተልኮ ተልኮ ሲሰለች «አሻጥር ሳይሆን አይቀርም» የሚል ደብዳቤ ከነገሌ መጣ። የተጠረጠሩት ማሽኑን የሚያሠሩት ጋሽ ጋልጋሎ ናቸው። በዚያ ዘመን አሻጥረኛ የተባለ ሰው ምን እንደሚጠብቀው ያየ ያውቀዋል። ቅጹ ላይ «የብልሽቱ ምክንያት» የሚል ባዶ ቦታ አለ፤ የምሞላው እኔ ነኝ።

ማክሰኞ፣ ክብረ መንግሥት

አዋሳ አድረን የቦሬን ዳገት በጭጋግ ወጣነው። ሾፌሩ ደምሴ ጭቃውን እየተራገመ፣ እኔ የበሩን እጀታ ሙጭጭ አድርጌ ይዤ፣ ወገባችን ተቆርጦ ወርቅ ወደሚቆፈርባት ክብረ መንግሥት ገባን። ጥብስ ከነዳቦው ሦስት ብር ነው፤ እውነት ለመናገር ይገባዋል። የምግብ ቤቱ ባለቤት፣ ከጉራጌ አገር የመጡ ተጫዋች ሰው፣ ቦርሳዬን አዩና «ወርቅ ፍለጋ ነው?» አሉኝ።

«ኧረ ዳዮድ ነው የያዝኩት።»

«እሱ ደግሞ የት ነው የሚቆፈረው?» ብለው ደምሴን በሳቅ ገደሉት።

ረቡዕ፣ ነገሌ

ዋደራን አልፈን ስንወርድ ጫካው አለቀና ግራርና ቀይ ኩይሳ ብቻ ሆነ። ግመሎች መንገዱ መሀል ቆመው ጥሩንባችንን ከቁም ነገር ሳይቆጥሩት ያኝካሉ። ሙቀቱ መኪናው ውስጥ ገብቶ አብሮን ተሳፈረ። ከሰዓት በኋላ ነገሌ ደረስን።

ጋሽ ጋልጋሎ በር ላይ ቆመው ነበር። ሽበታም፣ ቀጭን፣ ረጅም ሰው ናቸው። ከዘበኝነት ተነስተው፣ በመሠረተ ትምህርት ፊደል ቆጥረው፣ ለማሽን የበቁ ናቸው። ከሁለት ዓመት በፊት ከሞያሌና ከዶሎ ባልደረቦቻቸው ጋር ያሠለጠንኳቸው እኔ ነኝ።

«አካም ጅርታ፣ መምህር! ናጋ? ቤት ናጋ? መንገዱ ናጋ?» እጄን በሁለት እጃቸው ያዙት። «ሊያስሩኝ ነው የመጡት?»

አንጀቴን በሉኝ። «ኧረ ማሽኑን ላይ ነው የመጣሁት፣ ጋሽ ጋልጋሎ» አልኩ፤ ኪሴ ውስጥ ያለውን ቅጽ ግን አልነገርኳቸውም።

ሣጥኑን ከፈትኩ። ዳዮድ ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ዕቃ ነው። ቻርጀሩ ውስጥ ካሉት አራት ዳዮዶች አንዱ በቴስተር ሲለካ በሁለቱም በኩል ያሳልፋል፤ ሞቷል ማለት ነው። ለወጥኩት፤ ማሽኑ ሠራ። እኔም ኮራ ብዬ የቅመም ሻሂ ለመጠጣት ወጣሁ። አመሻሽ ላይ ስመለስ የተቃጠለ ሽታ ተቀበለኝ፤ አዲሱ ዳዮድም ሞቷል።

የከተማው ካድሬ ከኋላዬ ቆሞ ነበር። «ይኸው! አንተ ዘወር ስትል ነው የሚበላሸው። ሌላ ምን ማስረጃ ትፈልጋለህ?» አለኝ። የሞተውን መለወጥ እንጂ ምን እንደገደለው መፈለግ ለካስ አልጀመርኩም።

ሐሙስ

ሁለተኛውን ዳዮድ ገጥሜ «ዛሬ እኔ የለሁም ብለው ይሥሩ» አልኳቸውና ጥግ ላይ ተቀመጥኩ። አራቱ ባትሪዎች ጎን ለጎን ተደርድረው ይሞላሉ። ጋሽ ጋልጋሎ እየዞሩ ይለካሉ፣ አቧራ ይጠርጋሉ፣ እንደ ከብት መታ መታ ያደርጓቸዋል። የሞላውን እየነቀሉ ተሸክመው ወደ ሬዲዮ ክፍሉ ይወስዳሉ፤ ማሽኑ ግን ይሠራል። አንዱን ነቀሉ፣ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን። ምንም የለም። የመጨረሻውን ሲነቅሉ ሽቦው ጫፍ ላይ ሰማያዊ ብልጭታ ታየ፣ ሣጥኑ ውስጥ ጧ አለ!

«ማሽኑን ሳያጠፉ ለምን ይነቅላሉ?» ጮህኩባቸው።

ግራ ገባቸው። «መምህር፣ እኔ ኤላ፣ የከብት ውሃ ጉድጓድ ላይ ነው ያደግሁት። ከጥልቁ ጉድጓድ ሰው በሰው ተቀባብለን ነው ውሃ የምናወጣው። አንዲት ላም ጠጥታ ስትወጣ መቅዳቱ ይቆማል? አይቆምም፤ የጠገበች ትወጣለች፣ ሌላው ይጠጣል። አንቱም ያሉት ይህንኑ ነው። ‹የጠገበውን ባትሪ ንቀሉ› አሉን። ስለ ማጥፋት አላሉም።»

ክው አልኩ። አላልኩም። በደብተሬም የለም። እኔ ሁልጊዜ አጥፍቼ ስለምነቅል፣ ሰው ሁሉ የሚያውቀው መስሎኝ ነበር። ሌሎቹ ባትሪዎች ባሉበት ኤሌክትሪኩ መሄጃ አለው። የመጨረሻው በድንገት ሲነቀል ግን፣ ማሽኑ ውስጥ ያለው ጥቅል ሽቦ ኃይሉን የሚያራግፍበት ያጣና ቮልቴጁን ያዘልለዋል፤ ያ ዝላይ ዳዮዱን ይበሳዋል።

«የመጨረሻዋ ላም ከመውጣቷ በፊት ቀጂዎቹ ይቁሙ» አልኳቸው። ወዲያው ገባቸው።

ዓርብ

የመጨረሻውን ዳዮድ ገጠምኩ። ይሄ ከሄደ ሌላ የለም። ጋሽ ጋልጋሎ «ቢስሚላሂ» ብለው መጀመሪያ አጠፉ፣ ከዚያ ነቀሉ። መልሰን አገጣጥመን አስነሳነው፤ ሠራ። አምስት ጊዜ ደጋገምነው፤ አምስቱንም ጊዜ ሠራ። ሰውየው መሬት ላይ ቁጭ ብለው ፊታቸውን በሻሻቸው ሸፈኑ።

ቅጹ ግን ቀረ። «ሠራተኛው በስህተት» ብዬ ብጽፍ ካድሬው «በስህተት» የምትለዋን አያነባትም። «የዕቃ እርጅና» ብዬ ልገላገል አሰብኩ፤ አልዋሽም፣ ብዕሬን አንስቼ ነበር። ግን ሞያሌና ዶሎ ያሉትም የተማሩት ከእኔው ነው። ነገ እነሱ ጋ ሲቃጠል ደግሞ ሌላ ሰው አሻጥረኛ ሊባል ነው። ስለዚህ ስሜን ከነማዕረጌ ጻፍኩና «አሠልጣኙ ከመንቀል በፊት ማጥፋት እንደሚገባ አላስተማረም» አልኩ። ካድሬው ሁለት ጊዜ አነበበው።

«ራስህን ነው የከሰስከው?»

«ምክንያቱን ነው የጠየቃችሁኝ፤ ምክንያቱ ይኸው።»

እሑድ፣ አዲስ አበባ

አቧራ መስዬ ቤቴ ገባሁ። ባለቤቴ ቅጹን ስነግራት «ምነው አበድክ?» አለችኝ። ሰኞ አለቃዬ ዘንድ ተጠራሁ፤ ተግሣጹ አንድ ሰዓት ፈጀ፤ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያውም በሳምንቱ ደረሰኝ። ያኔውኑ ሰኞ ግን ለሞያሌና ለዶሎ በሬዲዮ «መጀመሪያ አጥፉ» የሚል መልእክት አስተላለፍኩ። ይህ ጉዞ ያስተማረኝ ቢኖር፣ ማሽን ደጋግሞ ሲቃጠል ያሠራው ማን ነው ከማለቴ በፊት ያስተማረው ማን ነው ብዬ እንድጠይቅ ነው። የዶሎው ባልደረባችን መልእክቱን ቃል በቃል ደግሞ አረጋገጠልኝ። ከዚያ «መምህር፣ እኔም ዘንድ ሁለት ጊዜ ተቃጥሏል። ፈርቼ ነው ያልተናገርኩት» አለኝ።