ጥሩምባው የእናንተ፣ አፉ የኔ

የእድራችን የሞት ወሬ ዛሬ በስልክ ነው የሚመጣው። ጢን ይላል፣ አለቀ። ሰዉም ከንፈሩን መጥጦ ስልኩን ኪሱ ይከተዋል። እኔ ግን ያቺን ጢን በሰማሁ ቁጥር የጋሽ በዛብህ ጥሩምባ ጆሮዬ ላይ ይጮኻል።

ጋሽ በዛብህ የጌጃ ሰፈር እድራችን ለፋፊ ነበሩ። ጎህ ሲቀድ ያን አሮጌ የወታደር ካፖርታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው፣ በጭቃው መንገድ እየዞሩ መጀመሪያ ጥሩምባውን ይነፋሉ፤ ቀጥለው የሟቹን ስም ከነአባቱ ይጠራሉ። ድምፃቸው የቤታችንን ቆርቆሮ ያንቀጠቅጥ ነበር። እሳቸው ከጠሩ የተጣላ ጎረቤት እንኳ ነጠላውን አዘቅዝቆ ይወጣል።

እናቴ አስካለ ቆሎ ትሸጥ ነበር። ሰውነቷ መክሳት ሲጀምር፣ አንዲት ጎረቤታችን የቦኖ ውሃ ወረፋ ላይ ቆማ፣ "እሷን እኮ በሽታው ይዟታል" አለች። ያን ጊዜ "በሽታው" ከተባለ ስም መጨመር አያስፈልግም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። የእናቴ ሕመም ኩላሊት ነበር፤ ግን ማን ጠየቀ? ደግሞስ ያ በሽታ ቢሆንስ? ሰው አይደለችም? ወዲያው ቆሎዋን የሚገዛ ጠፋ። ጀሪካኗን እንኳ በእግራቸው እየገፉ ከወረፋው ያወጡት ጀመር። ጋሽ በዛብህ ብቻ በየቀኑ መጥተው ቆሎዋን ይገዛሉ። ከዚያ ሄደው እዚያው ቦኖው አጠገብ ቆመው፣ ሴቶቹ እያዩ፣ እየቆረጠሙ ይጨርሱታል።

እናቴ ያረፈች ለታ ጠዋት የእድሩ ዳኛ ደጃችን መጥተው ጋሽ በዛብህን አስቆሙ።

"አስካለ ተከራይ ናት፤ አባል አይደለችም። ለእሷ ጥሩምባ አይነፋም" አሏቸው።

ውሸት ነው። ባለፈው ክረምት ለአንድ ተከራይ ሽማግሌ ተነፍቶ ነበር። እኔ የበራችን ደፍ ላይ ተቀምጬ እሰማለሁ። ጥሩምባው ካልተነፋ ሰው አይመጣም፤ ሰው ካልመጣ እናቴን ማን ይሸከማታል? እኔና አክስቴ?

ጋሽ በዛብህ ጥሩምባውን ከአንገታቸው አወለቁና ለዳኛው አስታቀፏቸው።

"ጥሩምባው የእናንተ ነው፤ አፉ የኔ ነው" አሉ።

ከዚያ መንገዱ መሀል ገቡ።

"የጌጃ ሰፈር ሰው፣ ስማ! ወይዘሮ አስካለ ደምሴ አርፈዋል። የገደላቸው የእኛ አፍ ነው። ቀብራቸው ስድስት ሰዓት ልደታ ነው። የተናገረም ይምጣ፣ ሰምቶ ዝም ያለም ይምጣ!"

በሮች አንድ በአንድ ተከፈቱ። መንገዱ ለሰዉ አልበቃም። ያቺ የቦኖዋ ሴትዮ ሳትቀር መጥታ አለቀሰች። ይቅር ብያታለሁ ወይ? አላልኳትም።

እድሩ ጋሽ በዛብህን አሰናበታቸው፤ ጥሩምባውም ለሌላ ተሰጠ። ሆኖም ሰው ሲሞት፣ ሰፈሩ መጀመሪያ የሚያንኳኳው የሳቸውን በር ነበር።

አሁን እሳቸውም የሉም፤ ሰፈሩም ፈርሶ ኮንዶሚኒየም ገብተናል። ባለፈው እሁድ ደረጃው ላይ ሁለት ጎረቤቶቼ ሦስተኛ ፎቅ ስለምትኖረው ሰላም ሲንሾካሾኩ ደረስኩባቸው። "የምትሠራውን ሥራማ እኛ እናውቃለን" ትላለች አንዷ።

አጠገባቸው ቆምኩና አንገቴን ወደ ላይ አቀናሁ።

"ሰላም! ነይ ውረጂ፤ ምሳ እኔ ጋ ነው የምትበይው!"

ሕንፃው በሙሉ ሰማኝ።